ወደ ሐይቁ የምትወርደው መንገድ

ሄሮን ቢች የምትባለዋን ከተማ የሚያውቃት ሰው ጥቂት ነው። ከሚኒያፖሊስ ወደ ምዕራብ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ያህል ከተሄደ በኋላ፣ አውራ ጎዳናው ከባቡር ሐዲዱ ጋር ጎን ለጎን መሮጥ ሲጀምር፣ በቀኝ በኩል ዛፍ ብቻ ይታያል። ከዛፉ ጀርባ ቤቶች አሉ፣ ከቤቶቹ ጀርባ ሐይቅ። በቃ፣ ከተማዋ ያችው ናት። በሰሜን ሐይቁ፣ በደቡብ ሐዲዱ፣ በምሥራቅና በምዕራብ ትልልቆቹ ጎረቤቶቿ ይዘዋት፣ እንደ መቀነት ቀጥናና ረዝማ የተጋደመች፣ ስድስት መቶ አርባ ሰው የሚኖርባት ቦታ ናት። የራሷ ፖሊስ የላትም፤ ከጎረቤት ትዋሳለች። በረዶዋን የሚጠርግላትም የጎረቤት መኪና ነው። ሱቅም ትምህርት ቤትም የላትም። ከንቲባ ግን አላት። አራት የምክር ቤት አባላትና በሳምንት ሦስት ቀን የምትገባ አንዲት ጸሐፊም አሏት።

ዘመናይ እዚያ ስትገባ ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። የምታውቀው ልጇ ማዕዶት ጥሩ ትምህርት ቤት እንደምትገባ ብቻ ነው። ከተማዋ ሐዲዱን የምትሻገረው አንድ ቦታ ላይ ነው። እንደ ኪስ ወጣ ያለች ቁራሽ መሬት አለች፤ በዚያች ኪስ ውስጥ ሃያ አራት በር ያለው አንድ የኪራይ ሕንፃ ቆሟል። እናትና ልጅ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ዓ.ም. ሁለተኛው ፎቅ ላይ ገቡ። ማዕዶት ተማረች፣ ተመረቀች፣ ዳላስ ሥራ አገኘችና ሄደች። ዘመናይ ቀረች። ለምን እንደቀረች የሚጠይቋት ነበሩ። ዕቃ መሸከም ደክሟት ይሆናል።

የአገሯ ሰው ሁሉ ሌላ ቦታ ነው የሚኖረው። ገሚሱ በርንስቪል፣ ገሚሱ ኩን ራፒድስ፣ ገሚሱ መሐል ከተማ። እሁድ እሁድ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት መንገዷን ጠምዝዛ መጥታ ትወስዳታለች፤ ምእመናኑም «የገጠሯ መጣች» እያሉ ይቀልዱባታል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግን፣ ከሥራ ቦታ በቀር፣ በአፏ የሚወጣ ቃል የለም ማለት ይቻላል። ጎረቤቶቿ ደግ ናቸው፤ በር ይይዙላታል። በር ከያዙላት በኋላ ወደየቤታቸው ይገባሉ።

የምትሠራው ብሉሚንግተን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት ሆቴሎች ባንዱ፣ ከምድር ቤት ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። አንሶላ ከማድረቂያ ታወጣለች፣ ታጥፋለች፣ ትደረድራለች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው። መኪና ስለማትነዳ ሁለት አውቶቡስ ይዛ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ስትመለስ እግሯ ከጫማው አልወጣም ይላታል።

ወደ ሐይቁ የምትወርደዋን መንገድ የለመደቻት በዚህ በእግሯ የተነሳ ነው። ከአውቶቡስ መውረጃው ሐዲዱን ተሻግሮ ትንሽ እንደተሄደ፣ በሁለት ትልልቅ ቤቶች መካከል ሣር የለበሰች ቀጭን መተላለፊያ አለች። ስፋቷ ከሰባት እርምጃ አይበልጥም። ላየ ሰው የአንዱ ቤት ግቢ ትመስላለች፤ ስለዚህ ማንም አይገባባትም። ዘመናይም ገብታ አታውቅም ነበር፤ አንድ ክረምት በረዶ የሚጠርገው ሰውዬ መኪናውን አቁሞ እስኪነግራት ድረስ። መንገዷ የከተማው ናት አላት፤ ድሮ የእሳት አደጋ መኪና ውኃ የሚቀዳው በዚያ ወርዶ ነበር፤ ማንም ሰው መሄድ ይችላል። በረዶው እንደቀለጠ ሄደች። መንገዷ ሐይቁ ላይ ታበቃለች። ዳር ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ውኃው ውስጥ ከተተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትሄዳለች። በክረምት ሐይቁ በረዶ ሲሆንም እንኳ ሄዳ ቆም ብላ ትመለሳለች።

ነገሩ እግር ማቀዝቀዝ ብቻ አልነበረም። በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ። በመኪና ሲያልፍ ዓይኑን ከፊቱ የማያነሳ ሰው፣ ጀልባ ላይ ሲሆን ዳር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ እጁን ያነሳል። ለምን እንደሆነ አይታወቅም። በጋ ሲሆን ጀልባው ብዙ ነው። ሽማግሌዎች ያነሳሉ፣ ሕፃናት ያነሳሉ፤ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር የሚያደርግ አንድ ወፍራም ሰውዬ በቀይ ጀልባ ሲያልፍ ሁልጊዜ ክንዱን እስከ ላይ ዘርግቶ ያነሳል። ዘመናይም ታነሳለች። አንዳንድ ቀን ስድስት ሰባት ሰው ሰላም ይላታል። ቤቷ ስትገባ ሰው ጠይቋት የመጣ ያህል ቀለል ይላታል።

በሁለት ሺህ ስድስት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ በመንገዷ አፍ ላይ ባለው ምሰሶ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች። ዘመናይ ትምህርት ያቋረጠችው ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ እናቷ ስትታመም ቤቱን የሚይዝ ጠፋና። እንግሊዝኛ ማንበብ ትችላለች፤ ግን እንደ ሽንብራ አንድ አንዱን እየለቀመች ነው። ያን ቀን የገባት «መንገድ» እና «ምክር ቤት» የሚሉት ብቻ ነበሩ። በማግሥቱ እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰችና ከላይ እስከ ታች ገልብጣው ለመርጋ ወሰደችለት።

መርጋ በሆቴሉ ማጠቢያ ማሽኖቹን የሚጠግን የወለጋ ሰው ነው። ስድሳ ዓመት አልፎታል። በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ላይ የቀበሌ ጸሐፊ ነበር። የእጅ ጽሑፉ እስካሁን እንደ ማኅተም ያማረ ነው፤ በዚህም ይኮራል። መነጽሩን አድርጎ አነበበላት። ሁለቱ ጎረቤት ቤቶች አመልክተዋል። መንገዷ ለማንም ስለማትጠቅም ከከተማው ንብረትነት ወጥታ ለሁለቱ እኩል ትከፈል ብለዋል። ምክር ቤቱም በሰኔ ሁለተኛው ማክሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ይሰማል። በመንገዷ የሚጠቀም ካለ መጥቶ ይናገር።

«እኔ አለሁ» አለች ዘመናይ።

«እሱኑ ነዋ የምትናገሪው! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አሉ።»

«እንግሊዝኛዬን ታውቀው የለ፣ ጋሼ መርጋ።»

«አንቺ አንብቢ እንጂ መጻፉን ለኔ ተዪው።»

ሦስት ቀን በምሳ ሰዓት ጻፈ። እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል አድርጎ፣ በአንሶላ መቁጠሪያው ቅጽ ጀርባ ላይ፣ ሦስት ገጽ ሞላ። ሹም ፊት ደረቅ ነገር አይቀርብም አላት። ነገር ከሰላምታ ይጀምራል፤ ሹም በስሙና በማዕረጉ ይጠራል፤ ምስጋና ይቀድማል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጉዳይ የሚገባው፤ ያኔ ልቡ ለስልሶ ይጠብቅሻል። ቀበሌ በነበረበት ጊዜ ዘሎ ወደ ጉዳዩ የሚገባውን ሰው «ይህ ባለጌ» ብለው ወደ መጨረሻ ያዘገዩት ነበር። ዘመናይም ይህ ትክክል እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

ከስብሰባው በፊት ባለው እሁድ ለማዕዶት ደወለች። ማዕዶት መኪና ውስጥ ነበረች። ነገሩን ስትሰማ፣ «ማሚ፣ ጀስት ቴል ዜም ዩ ዎክ ዜር። ዛትስ ኢት» አለቻት፤ በዚያ እሄዳለሁ በያቸው፣ በቃ፣ ማለቷ ነው። ዘመናይ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ይህን አሰላሰለችው። ሰው ቤት ገብቶ፣ እንዴት ዋላችሁ ሳይል፣ እኔ በዚያ እሄዳለሁ ይባላል? ልጅ ናት፣ እዚሁ ነው ያደገች፣ ብላ ተወችው።

የከተማው አዳራሽ የድሮ የእሳት አደጋ መኪና ማቆሚያ ነው። ዘመናይ የእሁድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሩብ ሰዓት ቀድማ ደረሰች። አርባ ወንበር ተዘርግቶ ሰባት ሰው ተቀምጦ ነበር። አምስቱ ሹማምንት ከፊት በረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ ጸሐፊዋ ጆይስ ከጎን በትንሽ ጠረጴዛ ላይ። ከጆይስ ፊት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራት ያላት ትንሽ ሣጥን አለች። ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ እንዳለው ከንቲባው ሲናገር ዘመናይ አልተከታተለችም፤ የመጀመሪያውን ገጽ በልቧ እየደገመች ነበር።

የሁለቱ ጎረቤት ቤቶች ባለቤቶች ተራ በተራ ተነስተው አጭር አጭር ተናገሩ። ከዚያ ስሟ ተጠራ። ሄዳ ቆመችና ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ ሳታነሳ ማንበብ ጀመረች። ለክቡር ከንቲባው፣ ለክብርት ምክትላቸው፣ መርጋ ከቢጫው ወረቀት ግርጌ ባገኘው ስም ለእያንዳንዱ አባል፣ ለጸሐፊዋ፣ እዚያ ለሌለው ፖሊስ፣ ለመላው የሄሮን ቢች ሕዝብ ሰላምታ አቀረበች። ቤተሰቦቻቸው ደኅና መሆናቸውን ጠየቀች። ከክረምቱ በሰላም ያወጣቸውን አምላክ አመሰገነች። ገጹ አለቀ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እሷንና ልጇን ስለተቀበለችው አገር፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ በረዶ ስለሚጠርገው ሰውዬ ምስጋና ነበር። ቢጫው መብራት በራ። ለበረዶ ጠራጊው ጤና እየተመኘች ሳለ ቀዩ በራ፤ ሣጥኗም ጮኸች።

ከንቲባው ፈገግ አለ። በዚህ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ደግ ንግግር ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ሌሎቹም ተከተሉ።

ሰላምታዋን ተቀበሉ ማለት ነው። ዘመናይ እጅ ነስታ ወደ ወንበሯ ተመለሰችና ሦስተኛውን ገጽ ከላይ አድርጋ ጠበቀች። ሹም ምስጋናውን ከተቀበለ በኋላ «እሺ፣ ጉዳይሽ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ነው ጉዳዩ የሚነሳው። ከንቲባው ግን አልጠየቃትም። ሌላ የሚናገር አለ ወይ አለ፣ ዝም ሲሉት በመዶሻው ጠረጴዛውን መታ። ከዚያ እጆች ሲነሱ አየች፤ አምስቱም። ስለ ምን እንዳነሱ የገባት አጠገቧ ያሉት ባለቤቶች እርስ በርስ እጅ ሲጨባበጡ ነው።

በማግሥቱ ለመርጋ ስትነግረው መነጽሩን አወለቀ። «ሦስት ደቂቃ?» አለ። «እኛ በሦስት ደቂቃ ጉሮሯችንን እንኳ ጠርገን አንጨርስም።» እሷ ሳቀች፤ እሱ ግን አልሳቀም። ያን ቀን ደኅና የነበረ ማሽን ሲፈታ ዋለ።

በሳምንቱ የዕረፍት ቀኗ ነበርና ጆይስ ዘንድ ሄደች። ጆይስ ነጭ ፀጉሯን ወንድ አስመስላ የቆረጠች፣ በዝግታ የምትናገር ሴት ናት። ዘመናይ ሦስተኛውን ገጽ አውጥታ፣ ይህን መቼ ነው የምናገረው ብላ ጠየቀች። ጆይስ አልገባትም። ዘመናይ እያነበበች፣ እየተሳሳተች፣ ጣቷን ወደ ሐይቁ እየቀሰረች አስረዳቻት። በመንገዷ የምትሄድ እሷ ናት። በየቀኑ። ጆይስ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ከማተሚያው ማሽን አንድ ወረቀት አውጥታ አሳየቻት። የሰኔው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው። ዘመናይ ስሟን አገኘችው። ጆይስ ከሥሩ ያለውን ቀስ ብላ አነበበችላት፦ «ዘመናይ ለሜሳ፣ ነዋሪ፣ ምክር ቤቱን አመስግነዋል። በመንገዱ የሚጠቀም ወይም የሚቃወም አልቀረበም።»

አስተያየት መስሚያው ተዘግቷል አለቻት ጆይስ፤ እሱ አይከፈትም። ውሳኔው ግን በሐምሌ ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ይነበባል። ከዚያ በፊት ቃለ ጉባኤው ይጸድቃል፤ ከንቲባው ስሕተት አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ መነሳት ትችያለሽ። «አጭር አድርጊው» አለቻት። እንደ ምክር አልነበረም፤ እንደ ልመና ነበር።

መርጋ ሌላ ሊጽፍላት ተነስቶ ነበር። ይብቃ አለችው። ተቀየመ፣ ትንሽ ቆይቶም ተወው።

በሐምሌው ማክሰኞ ከሕዝብ የመጣው ዘመናይ ብቻ ነበረች። ባለቤቶቹም አልመጡም፤ ምን ያመጣቸዋል? ከንቲባው ወረቀቱን ገልጦ ስሕተት አለ ወይ አለ። ተነሳች።

«እኔ ዘመናይ ነኝ» አለች በእንግሊዝኛ። «በመንገዱ እሄዳለሁ። በየቀኑ። አራት ዓመት።»

ይህንኑ ብቻ ብላ ተቀመጠች። ለቅሶ ቤት ገብታ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ሳትል እንጀራ እንደጠየቀች ያህል ፊቷ ጋለ።

ሹማምንቱ ተያዩ። ከዳር የተቀመጠው ወፍራም አባል ጉሮሮውን ጠረገ። ቤቱ ከመንገዷ ሁለት ቤት አልፎ እንደሆነ፣ እዚያ ሃያ ዓመት እንደኖረ፣ በዚያች መንገድ ሰው ሲሄድ አንድ ቀን እንኳ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ክፋት አልነበረበትም። የሚያውቀውን ነው የተናገረው። በሰኔ ዓይኗ ከወረቀት ስላልተነሳ አላየችውም ነበር። አሁን ግን አየችው። ባርኔጣውና ጥቁር መነጽሩ የሉም፤ ክንዱ ግን ያው ነው።

«እርስዎ ቀይ ጀልባ አለዎት» አለችው ከተቀመጠችበት። «እጅዎን ያነሱልኛል። እኔ ድንጋዩ ላይ ነኝ።»

ሰውዬው አፈጠጠባት። አንዴ ሊስቅ ቃጣው፣ ተወው።

«እኔ ለሁሉም ሰው አነሳለሁ» አለ።

ምክትሏ፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት፣ እርማቱ ይግባ አለች። እጅ ተነሳ፤ አምስቱም ተስማሙ። ጆይስ ጻፈችው። ሄሮን ቢች ከተማ ከሆነች ጀምሮ በዚያች መንገድ የሄደ ሰው ስም ሲጻፍ የመጀመሪያው መሆኑን ዘመናይ የሰማችው ኋላ ነው።

ቀጥሎ ውሳኔው ተነበበ። ከንቲባው በጣም አዝኛለሁ አለ፤ ነገር ግን ጉዳዩ ሕጉን ተከትሎ መጥቷል፣ መስሚያው ተዘግቷል፣ ባለቤቶቹ ቀያሽ አስመጥተዋል። አራት ለአንድ ሆነ። ያልተስማማችው አንዷ ምክትሏ ናት። ባለ ቀይ ጀልባው እጁን ያነሳው ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው። እሱንም ቢሆን እስከ ትከሻው ድረስ ብቻ።

ዘመናይ ተነስታ መውጣት ትችል ነበር። ግን ሹማምንት ሳይነሱ መውጣት ነውር ይሁን አይሁን አላወቀችም። ተቀመጠች። ሐይቁ ውስጥ ስለበቀለው አረም፣ ስለ በረዶ ጠራጊው ውል፣ ያለ ገመድ ስለሚለቀቅ አንድ ውሻ ሲነጋገሩ ሰማች። ስለ ውሻው ብዙ ጊዜ ወሰዱ። ስብሰባው ሲያልቅ ውጭው ገና ብርሃን ነበር። ሹማምንቱ ደኅና እደሪ እያሏት ወጡ። ጆይስ ወንበሮቹን ማጠፍ ስትጀምር ዘመናይም ከሌላው ጫፍ ያዘች። አርባውንም አብረው ጨረሱ።

ነሐሴ ሲገባ የመንገዷን አፍ የሚዘጋ አጥር ተሠራ። ጥሩ አጥር ነው፤ ጥርብ እንጨት። ለሕዝብ የቀረው የሐይቅ ዳር፣ የከተማው መዋኛ፣ በምዕራቡ ጫፍ ስለሆነ በእግር የሚደረስ አይደለም። አንድ ጊዜ በአውራ ጎዳናው ዳር ዳር ሄዳ ሞክራ ነበር፤ የአንድ ጭነት መኪና ነፋስ ብቻ ጎትቶ ሊጥላት ሲል ተመለሰች።

ማዕዶት ወሬውን ስትሰማ ተናደደች። ዳላስ ነይ፣ ከኔ ጋ ኑሪ አለቻት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። ዘመናይ አስብበታለሁ አለች። ይህንንም ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም የምትለው።

በነሐሴ ሁለተኛ ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ቀሚሷን ቀይራ ወደ አዳራሹ ሄደች። ጉዳይ አልነበራትም። በመስከረምም ሄደች፣ በጥቅምትም። ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ጆይስ ስታያት ራሷን ትነቀንቃለች። ከንቲባው ከሕዝብ የሚናገር አለ ወይ ሲል አንገቱን ወደ እሷ ያዞራል፤ ሌላ ሰው የለማ። እሷም የለኝም ብላ ራሷን ትወዘውዛለች፤ እሱም አመሰግናለሁ ይላታል። ስለ ቧንቧ ያወራሉ፣ ስለ ዛፍ ያወራሉ። አሁን ከተማዋን ከእነሱ ባልተናነሰ ታውቃታለች፤ የትኛው ቱቦ እንደሚያንጠባጥብ፣ የትኛው ጥግ ላይ ውኃ እንደሚቋጥር። የሚጠይቃት ሰው ቢኖር ትናገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቃለ ጉባኤዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ ጆይስ አንድ መስመር ትጽፋለች፦ «አንድ ነዋሪ ተገኝተዋል።»